የመሀሉ ሳጥን

የምነግራችሁ ነገር እንዳለ እውነት ነው፤ ከውሸት አንዲት ቃል ብጨምርበት የመተማ ፀሐይ እንደ ሰሊጥ ቆልታ ታስቀረኝ። ደምለው ቀጣፊ ነው እንደሚባል አውቃለሁ። ቀጥፌም አውቃለሁ፣ አልክድም። አንድ ጊዜ ጓንግ ወንዝ ላይ አዞ የውሃ ሞተር ሲውጥ አየሁ ብዬ ግማሹን ከተማ ሩጫ አስወጥቻለሁ። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። እዚህ ላይ ደም ፈሷል፤ እኔ ደግሞ በደም አልቀልድም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር። ዋሴ የሚባል የትራክተር ሾፌር ጓደኛ ነበረኝ። ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ ቴሌቪዥንና ቪዲዮ በአህያ አሻግሮ የገዛ ሳሎኑን ሲኒማ ቤት አደረገው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ መስኮቱ ላይ የሰሊጥ ጆንያ፤ ሲኒማው ይኼው ነው። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጀነሬተሩን ያስነሳና የህንድ ፊልም ይከፍታል። ሚስቱ ሀብትነሽ በር ላይ ቆማ ሰው ታስገባለች፤ እኔ ከጎኗ ሆኜ ማጭድ እሰበስባለሁ። ተመልካቹ በሙሉ ከደጋ ለአጨዳ የወረደ ሰው ነውና ማጭዱን ታቅፎ ነው የሚመጣው።

ችግሩ የመጣው ከድምፁ ነው። ቴሌቪዥኑ በግራና በቀኝ ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ ነበረው። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ምን እንዳሰቡ እነሱ ይወቁ፣ የጀግናው ድምፅ በግራው ሳጥን፣ የሽፍታው ድምፅ በቀኙ ሳጥን ይወጣል። በግራ በኩል የሚቀመጡት የኮኪት እርሻ አጫጆች ናቸው፤ አለቃቸው ፈንቴ የሚባል አፈኛ የጎጃም ሰው ነው። በቀኝ በኩል የሸሕዲ እርሻ ሰዎች፤ አለቃቸው ኢሳ የሚባል፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ የወሎ ሰው ነው። ሁለቱ እርሻዎች ድሮም አይዋደዱም።

አንድ እሑድ ፈንቴ መሀል ፊልም ላይ ብድግ አለ።

«ስማ እንጅ ኢሳ! ጀግናው የሚናገረው ከእኛ ዘንድ ነው። ሌባው ከእናንተ ዘንድ። ህንድ አገር ድረስ ታውቃችኋል ማለት ነው!»

ኢሳ ዞር እንኳ አላለም። «ያንተ ጀግና አፉን በከፈተ ቁጥር ያለቅሳል፣ ወይ ይዘፍናል። እሱስ አንተን ይመስላል።»

ከዚያ በኋላ ማን እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። አግዳሚው ወንበር በሰው ጭንቅላት ላይ ተሰበረ። የአንዱ ክንድ እንደ ደረቅ የማሽላ አገዳ ቀሽ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዱ የኮኪት ሰው የአንዱን የሸሕዲ ሰው ጆሮ ጫፍ ነክሶ ቆረጠና ተፋው፤ የሀብትነሽ ድመት አንስታ በመስኮት ወጣች። ማጭዱ በእኔ እጅ ባይሆን ኖሮ የሰው ነዶ እናስር ነበር። በቀጣዩ እሑድም ይኸው ሆነ። በሌላኛውማ ባሰ፤ ሀብትነሽ ግድግዳው ላይ የተረጨውን ደም በአመድ አሽታ አልለቅ አላት።

ይኼኔ ጓድ ፈረደ መጣ። ጓድ ፈረደ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ነው፤ ወጣት እያፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና የሚልክ እሱ ነው። ሰላምታም አልሰጠ። ዋሴን ሚስቱ ፊት በጠመንጃ ሰደፍ ጎኑን መታው። ሲወድቅ ደገመው።

«ያንተ ቤት ቄራ ነው እንዴ?»

«ዘግቼዋለሁ ጓድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘግቼዋለሁ» አለ ዋሴ መሬት ላይ እንደተኛ።

«ብትዘጋውማ የአጫጁን ሞራል ገደልህ ማለት ነው። እሱ አሻጥር ነው። አሻጥረኛ ደግሞ ሰሜን ድረስ አይለፋም፣ እዚሁ ጓሮ ነው የሚያልቅለት።» ጎንበስ ብሎ በዋሴ ጆሮ ተናገረ፤ እኛም ግን ሰምተናል። «የፊታችን እሑድ ራሴ መጥቼ እቀመጣለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ ደም ከፈሰሰች፣ ሰኞ ጠዋት መኪናው ላይ ነህ። ኮታዬ ጎድሏል።»

መኪናው የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ። የሀብትነሽ ወንድም በዚያው መኪና ሄዶ ሬሳው ቀርቶ ወሬው አልመጣም። ዋሴን ደግፈን አልጋ ላይ አወጣነው። እኔ እንሽሽ አልሁ። ዋሴ ቤቴን ጥዬ የት እደርሳለሁ አለ። ሀብትነሽ ግን ግድግዳውን ያጠበችበትን የደም ውሃ እየደፋች ታስብ ነበር።

«ጠቡ የሰዎቹ አይደለም፣ የሳጥኖቹ ነው» አለች። «ጀግናውም ሽፍታውም ከመሀል ይናገሩ። ከሥዕሉ አፍ። ያኔ ማን ከማን ጋር ይጣላል?»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የተባረርሁት፤ የሽቦ ነገር ግን ይገባኛል። ሁለቱ ሳጥኖች ከቴሌቪዥኑ ጋር ተጣብቀው የተሠሩ ስለሆኑ መሀል አይመጡም፤ የሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ገምዶ ሦስተኛ ሳጥን ላይ መቀጠል ነው። ጭንቁ ሳጥኑን መምረጡ ነበር። መጀመሪያ ከቀበሌው አዳራሽ መለከት የሚመስለውን የስብሰባ ድምፅ ማጉያ ሰርቄ አመጣሁ። ስንሞክረው የፊልሙ እናት አንዴ ልጇን «ቤታ!» ብላ ብትጮህ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አፈሳ መጣ ብሎ ማሽላ ውስጥ ገባ። ከገባው አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ እግሩን ሰበረ። መልሼ ሰቀልሁት።

ከዚያ ዋሴና እኔ ደረቁን ወንዝ ተሻግረን ገላባት ገባን፣ በሽር ዘንድ። በሽር ጥምጣሙ ከራሱ የሚበልጥ ሱዳናዊ ነጋዴ ነው፤ ቴሌቪዥኑንም የሸጠልን እሱ ነው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ትልቁን ውሰድ!» ብሎ በር የሚያክል ሳጥን አሳየን። ከፈተው። ደረታችንን ደበደበው እንጅ አንዲት ቃል አልተሰማችም፤ በርሜል ውስጥ የገባ ጅብ ነው የሚመስለው። ከዚያ ከተቃጠለ መኪና የተነቀለች ትንሽ አመጣ። እሷ ደግሞ እንደ ዝንብ ትጮሃለች፤ ጀግናው በዚያ ድምፅ ቢናገር ፈንቴ ራሱ ይገድለዋል። በዚህ መሀል ዋሴ ጆሮውን ቀና አደረገ። በሽር ራሱ ሱቁ ውስጥ ዘፈን የሚሰማባት አንዲት የእንጨት ሳጥን አለች፤ የእኛዎቹ የሁለቱ እኅት፣ ከአንድ ሠሪ እጅ የወጣች። ድምፁም ያው የእነሱ ነው፣ ሰው ሰው የሚል።

«እሷ አትሸጥም» አለ በሽር።

ዋሴ አልተከራከረም። ሸሚዙን ገለጠና ጎኑን አሳየው። ከብብቱ እስከ ዳሌው ጠቁሮ አብጧል። በሽር አይቶ አይቶ ምራቁን ተፋ፣ የጓድ ፈረደን አባት በአረብኛ ሰደበ፣ ሽቦውን በገዛ እጁ ነቀለልን።

ስንመለስ ወንዙ ውስጥ አንድ ሚሊሻ ያዘን። ጀርባዬን በዱላ ሁለቴ አሞቀና «ምንድነው የተሸከምኸው? የወንበዴ ሬዲዮ ነው?» አለኝ። «ኧረ ቀፎ ነው ጌታው፣ ንቡ ተቆጥቷል» አልሁና ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ በጉሮሮዬ እዝዝዝ አልሁ። ሚሊሻው ዱላውን ጥሎ ሮጠ። ዱላውን ይዤው መጣሁ።

ማስቀመጡስ ቀላል ይመስላችኋል? መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ ጫንነው። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ማግኔት ሥዕሉን ሳበውና ጀግናው ፊቱ አረንጓዴ፣ ግንባሩ ወይን ጠጅ ሆኖ ብቅ አለ። ይኼን ኮኪቶቹ ቢያዩ ጀግናችንን መርዝ አበላችሁት ተብሎ ሌላ ጦርነት ነው። አውርደን ቁምሳጥን ውስጥ ከተትነው፤ አፉን በትራስ እንዳፈኑት ሰው ሆነ። መሬት ላይ አደረግነው፤ የሚሰማው ለፊተኞቹ ጉልበት ብቻ ነው። በመጨረሻ ከቴሌቪዥኑ ሥር ዝቅ ያለ ሣንቃ አቆምን። ሳጥኑን ከሣንቃው ጠርዝ እኩል አስጠጋነው፣ ከፊቱም ሥር የማሽላ አገዳ ሸጉጠን ወደ ተቀማጩ ፊት ቀና አደረግነው። ሀብትነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነችና ድምፁ የመጣበትን በጣቷ ጠቆመች። ጣቷ የጀግናው አፍ ላይ አረፈ። ዋሴ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁት።

እሑድ ደረሰ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ማጭዱን በር ላይ ከመርሁ። ጓድ ፈረደ ጠመንጃውን አንግቶ ገባና የዋሴን ወንበር ነጥቆ ከሳጥኑ ፊት ለፊት፣ ልክ ከሥዕሉ ሥር፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አድርጎ ተቀመጠ። የመጣው ደም የሚያፈሰውን ሰው ሊለይ እንጅ ፊልም ሊያይ አይደለማ።

ዋሴ ጎንበስ አለ። «ጓድ፣ እዚያ ሲሆኑ ድምፁን ይጋርዱታል። እባክዎ ወደ ጎን ትንሽ…»

ጥፊው ከበር ተሰማ። «አንተ ነህ ለእኔ ቦታ የምትመርጥልኝ?»

ዋሴ ጉንጩን ይዞ ወደ ኋላ መጣ። ጓድ ፈረደ ከኪሱ የተቆላ ለውዝ አወጣና ማኘክ ጀመረ።

ፊልሙ ተጀመረ። ጀግናው ተናገረ፣ ሽፍታው መለሰ፤ ሁለቱም ከመሀል። ግራ የለ፣ ቀኝ የለ። ፈንቴ ወዲህ ዞሮ አየ፣ ኢሳ ወዲያ ዞሮ አየ፣ የሚሰዳደቡበት አጡ። ቆይቶ ፈንቴ ለኢሳ ትንባሆ ሲያቀብለው አየሁ። ሀብትነሽ እጄን ጨብጣ «አለፈልን» አለችኝ።

ከዚያ ሽፍታው ወደ ጀግናው ቤት መጣ። ሰዎቹ እናትየዋን በፀጉሯ ይዘው ከቤት ጎትተው አወጧት። ሽፍታው እግር ላይ ወድቃ ልጄን ተውልኝ እያለች ትለምነዋለች። ቋንቋውን ማንም አያውቅም፤ ልመናውን ግን ማን ያጣዋል? ከዚያ ሕዝብ መሀል እናቱ እንደ ጓድ ፈረደ ያለ ሰው እግር ላይ ያልወደቀች ስንቱ ነበር? ሽፍታው ሳቀ። ሳቁ ግን ከሥዕሉ አልወጣም። ከሥር ነው የወጣው፤ ከጓድ ፈረደ ደረት። የሰውየውም አፍ ልክ በዚያ ሰዓት ይንቀሳቀሳል።

ዓይን ሁሉ ከሥዕሉ ወረደና ጓድ ፈረደ ላይ ቆመ።

«ኧረ ይስቃል!» አለ ፈንቴ።

«እናትየዋን እያስጎተተ ይስቃል!» አለ ኢሳ።

የመጀመሪያው በረባሶ ከየት እንደተወረወረ አላየሁም። የመኪና ጎማ ጫማ ነው፣ ይከብዳል፤ ግንባሩን ሰነጠቀው። ጓድ ፈረደ ጠመንጃውን አነሳ፣ ተኮሰ፣ ጣራው ተበሳና የፀሐይ ዘንግ ቤቱ ውስጥ ተተከለ። ሁለተኛ አልተኮሰም። ኢሳ በአግዳሚው እግር አገጩን መታው፤ መንጋጋው ሲለቅ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሰውዬ አሁንም ይስቃል። አንዱን እግሩን የኮኪት ሰው፣ አንዱን የሸሕዲ ሰው ይዘው ከወንበሩ ጎተቱት። በእርግጫ፣ በክርን፣ በጥርስ ወረዱበት። ያን ያህል ዘመን የተጣሉት ሰዎች «ቆይ እኔ ልምታ»፣ «እሺ ወንድሜ፣ ምታ» እየተባባሉ ሲደበድቡ ነበር። ደሙ በሣንቃው ወርዶ ወለሉ ላይ ሰፋ።

ዋሴ ደሙን ያያል። «አለቀልኝ። ሰኞ መኪናው ላይ ነኝ» አለ።

«ሰኞን ቆመህ ትጠብቃለህ እንዴ?» አለች ሀብትነሽ። ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች ገብታ ጠመንጃውን ከወለሉ አነሳች። «ተነሳ! ማዶው ቅርብ ነው።»

ፈንቴ ሰማት። «ማጭዴን አምጣ ደምለው!» አለ። ለእያንዳንዱ ማጭዱን አደልሁ። ዋሴና ሀብትነሽን መሀል አድርገው ኮኪትም ሸሕዲም አንድ ላይ ወደ ወንዙ ወረዱ። እኔም ከኋላ። ሚሊሻዎቹ ወንዙ አፋፍ ላይ ተኮሱ፤ ኢሳ ጭኑን ተመትቶ ወደቀ። ፈንቴ እየተሳደበ በጀርባው አዘለው። «አንገትህ ብቻውን አንድ ኩንታል ነው!» ይለዋል። ያ ሁሉ ማጭድ ፀሐይ ላይ እያብለጨለጨ ወደ እነሱ ሲመጣ ሚሊሻዎቹ ደግመው አልተኮሱም፤ መንገዱን ለቀቁ።

ተሻገርን። በሽር ኢሳን አሳከመው። ዋሴ ገላባት ውስጥ የሱዳኖችን ትራክተር እየነዳ ከሀብትነሽ ጋር ኖረ፤ ያ መኪና እሱን ሳይዝ ሄደ። ጓድ ፈረደ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ወራት ሙሉ አጥሚት በመቃ እየሳበ ስለቆየ የመቱትን ሰዎች ስም መጥራት አልቻለም። መጥራት ሲችል አጨዳው አልቆ አጫጁ ደጋ ገብቷል።

እንግዲህ እውነቱ ይኼ ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ፣ አሁን ልናገር። ለውዝ አልነበረም። ጓድ ፈረደ ምንም አያኝክም ነበር፤ አፉ ባዶ ነው። ሴትየዋ ስትለምን ሰምቶ፣ ዞሮ እንኳ ሳያያት፣ የእውነት ይስቅ ነበር።