የጓንጉል አሚን

በሺር በስድሳ ዓመቱ አንድ ነገር ብቻ ተለመነ፤ ዝም እንዲል። የለመነችው ሚስቱ ረሂማ ናት። ከኮምቦልቻ የተነሳችው ሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስትጀምር ጎኑን ጎሰም አደረገችውና፦

«በአላህ ይዤሃለሁ፤ ዛሬ አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ። የሚናገረው አያ መሕሙድ ነው» አለችው።

«ሰላምታስ?»

«አንገትህን ነቅነቅ።»

«የልጁ አባት ዲዳ ነው ቢሉስ?»

«ጥርሱን ተነቅሎ ነው እላለሁ። አብሽር!»

አይፈረድባትም። የዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ በሺር የሚሠራበት የኮምቦልቻው ፋብሪካ የኪነት ቡድን እሑድ እሑድ በሬዲዮ በሚያሰማው ድራማ ውስጥ ጓንጉልን ሆኖ ይጫወት ነበር። ጓንጉል ማለት ለውርስ ብሎ ዓይነ ስውር እናቱን በዝናብ ከቤት ያባረረ ከይሲ ነው። ያ አገር ያስለቀሰ ዝናብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰፌድ ላይ የሚንከባለል ሽምብራ ነበር። የሚያንከባልለውም ይኸው ዛሬ ሽማግሌ ተብሎ ጋቢውን ደርቦ ፊት ወንበር የተቀመጠው መሕሙድ ነው። ግን ይህን ለሰው ማን ያስረዳ? ለበሺር ሽንኩርት የምትሸጥለት ሴት ጠፋች። አንዷማ የዕቃ እጣቢ ደፋችበት። እናቱ አሚና፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ይሄን የወለደ ማኅፀን!» እያሏት ገበያ መሄድ ተወች። ለእሱ «ጉልበቴን አመመኝ» ነበር የምትለው። ጉልበቷ ደህና እንደነበር በሺር ያውቃል። አውቆም ዝም አለ፤ ድራማው ጥሞት ነበራ!

አሁን ደግሞ ልጁ ፈሪድ አገር ሙሉ ሴት ሞልቶ፣ የእማማ ቡዜን የልጅ ልጅ ፊርደውስን ወደደ። እማማ ቡዜ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ የታወቁ ሴት ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ በዚያ ቤት ዶሮ እንኳ አትታረድም። ያንን ድራማ አንድም ክፍል ሳያመልጣቸው የሰሙ፣ ጓንጉልን እስከ ዛሬ ከሶላት በኋላ የሚራገሙ ናቸው። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮባቸው፣ «እስቲ አባትና እናቱን አምጧቸውና ልያቸው» ብለው መለሱ። ልያቸው ይበሉ እንጂ ዓይናቸው በሞራ ተሸፍኗል። ሰው የሚያዩት በጆሮ ነው።

ደሴ ሲደርሱ ካፊያ ነበር። የፊርደውስ አባት ከሊድ ተቀብሎ አስገባቸው። እማማ ቡዜ መደብ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። መሕሙድ እንደ ሽማግሌነቱ የፋብሪካውን ታሪክ፣ የቤተሰቡን ደግነት፣ የፈሪድን ጨዋነት አወረደው። በሺር አንገቱን ነቀነቀ።

«አባትዬው አይናገርም?» አሉ እማማ ቡዜ።

«ጥርሱን ተነቅሎ ነው» አለች ረሂማ ቶሎ ብላ።

«የቱን ጥርስ?» ብሎ ጠየቀ ከሊድ።

በሺር ግራ ጉንጩን፣ ረሂማ ደግሞ የሱን ቀኝ ጉንጭ ያዙ። ከሊድ ሁለቱንም አየና ትንሽ አሰበ።

«ሁለቱንም?»

በሺር ነቀነቀ።

«አይ ጨዋነት!» አሉ እማማ ቡዜ። «በዚህ ዘመን ዝም የሚል ወንድ ከየት ይገኛል! እኔ ወድጃቸዋለሁ። በሉ ዱዓ ይደረግ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ፊርደውስ በደስታ ስትተነፍስ ተሰማ። ረሂማም ላቧን ጠረገች። ምስኪን፣ ስለ ሰላምታው ስትጨነቅ ዱዓውን ረስታዋለች። ዱዓ ላይ ተቀምጦ አሚን የማይል ሰው ከየት ይመጣል?

ከሊድ እጁን ዘረጋ። «አላህ ፍቅር ይስጣቸው!»

«አሚን» አለ በሺር በለሆሳስ።

«ልጅ ይስጣቸው!»

«አሚን።»

«ቤታቸው እንግዳ የማይጠፋበት ይሁን!»

የልጁ ነገር ነው፤ ሆዱ ባባ። የኪነት ቡድኑ አለቃ ድሮ፣ «ድምፅህ ከሆድ ይውጣ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ ያለውም ይስማህ» እያለ ያሠለጠነው አመል ተነሳበት።

«አሚይይን!»

የመስኮቱ መስታወት ነዘረ። የእማማ ቡዜ እጆች እንደተዘረጉ ቀሩ።

«ጓንጉል!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው አይነሳ። «እማ፣ ድራማ እኮ ነው!» ቢላቸው ከሊድ፣ «ድራማ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ከሆድ የሌለ ከአፍ አይወጣም! ያን ሁሉ ክፋት ከየት አመጣው? ሰው ክፋት ይዋሳል?» ብለው አፋጠጡት። መሕሙድ ነገር ሊያበርድ፣ «እማማ፣ ያ ዝናብ እንኳ እኔ ነበርኩ፤ ሽምብራ ነው» ቢል ጭራሽ ባሰባቸው።

«አንተ ነህ ያቺን ምስኪን በዝናብ ያስደበደብካት? አብረው ነው የመጡት በሉኛ!»

መጋረጃው ጀርባ ደስታው ወደ ለቅሶ ተቀየረ። በሺር ለቅሶውን ሲሰማ ማስመሰሉን ተወው።

«እማማ፣ እኔን ይራገሙኝ። ልጆቹ ምን አጠፉ?» አለ።

እማማ ቡዜ ጆሯቸውን ወደ እሱ አዞሩ። ዝግ ብለውም እንዲህ አሉ፦

«አንድ ነገር መልስልኝ። በመጨረሻው እሑድ ጓንጉል እናቱ የተጠጋችበትን የጎረቤት በር ሦስቴ አንኳኳ። እሷም ‹ማነው?› አለች። ሙዚቃ ገባ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ድራማውም በዚያው ቀረ። ሠላሳ አምስት ዓመት ስጠብቅ ኖርኩ። ይቅርታ ሊላት ነው የመጣው ወይስ ሊገድላት?»

«ወላሂ እኔም አላውቅም። ደራሲው ወረቀቱን እንደያዘ ወጥቶ ቀረ።»

«እንግዲያው ዛሬ እንወቀው። ውጣና አንኳኳ። ሊገድል የመጣ ከሆነ ልጄን አልሰጥም። አንተም» አሉ ወደ መሕሙድ ዞረው፣ «ዝናብህን ይዘህ ውጣ!»

ሰፌድና አንድ ጣሳ ሽምብራ ተሰጠው። ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሎች ደጅ ላይ ቆሙ፤ አንዱ በር ፊት፣ አንዱ ሰፌድ ይዞ። ጎረቤት በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። እውነተኛው ካፊያ እየወረደ ነው፤ መሕሙድ ግን የሱን ነው የሚያምነው፤ ሽምብራውን ያንከባልላል። በሺር ሦስቴ አንኳኳ።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ እናቴ! በደሌ የከበደኝ፣ ምድር የጠበበችኝ ልጅሽ ጓንጉል!»

«ይሄ ሬዲዮ ነው! ሂድ!»

እያለቀሰ ሞከረ።

«ለቅሶህንም አውቀዋለሁ! ማነው?»

በሺር እጁን ከበሩ አወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈለትን ሲናገር ኖሮ፣ ያለ ወረቀት ምን ይበል? ሽምብራው ይንከባለላል። በዚህ ድምፅ መሀል ቆሞ ስንት እሑድ ጮኸ! እሱ ሲጮህ ቤት ሬዲዮ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች። ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈና፣ መጨረሻ ወንበር በማይደርስ ድምፅ፦

«እማ» አለ። «ጉልበትሽን አሞሽ አልነበረም። አውቅ ነበር። በኔ ተሰድበሽ፣ በኔ አፍረሽ ቤት ስትቀሪ፣ ጭብጨባው ጣፈጠኝና ዝም አልኩሽ። ‹ጎበዝ፣ ደህና አርገህ ጮህክ› ትይኝ ነበር። ይቅር በይኝ ሳልልሽ ሄድሽ።»

ሽምብራው ቆመ። መሕሙድ አሚናን ያውቃታል፤ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከውስጥ ረሂማ ስትንሰቀሰቅ ይሰማል።

«ማነው?» አሉ እማማ ቡዜ። ድምፃቸው በሩ ሥር ደርሷል።

«በሺር ነኝ። የአሚና ልጅ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ፊቱን ዳበሱት፤ እርጥብ ነው።

«ግባ ልጄ። እሷ ይቅር ካለችህ ቆይታለች፤ እናት ናት። ፊርደውስም የናንተው ናት።»

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ቀለጠ። በሺር ጫማውን ሲያወልቅ እማማ ቡዜ አንገታቸውን ወደ ደጅ አወጡ።

«ጓንጉልስ?»

«እሱ ውጭ ቀረ፣ እማማ።»

«እሰይ! ይበለው!» አሉና ወደ መሕሙድ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ምን አቆመህ? ዝናቡን ጨምርበት እንጂ!»