በወንበሯ የተቀመጠው ጆንያ

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ያስቀመጠችው ለብርሃኑ ነበር፤ ለወሬውም ጭምር ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ከዚያ ሆና መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያለች። በዚያ ሰሞን ግን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር የሚያርፈው፤ ባሏ ያንን ቆጥ የሚያህል ፒካፕ እየነዳ ሲወጣና ሲገባ፣ ከጎኑ፣ በእሷ ወንበር ላይ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ተቀምጦ። ቀበቶ ሁሉ ታስሮለታል። ጆንያው ገበያ ይሄዳል፣ ነዳጅ ማደያ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ነፋስ ሲቀበል ይውላል። እሷ ከመርፌና ከክር ጋር ተፋጣ ቤት ትውላለች።

"በአሸዋ ልቅና እንዴ?" አለች ለራሷ። ቀንታለች ግን።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ከወንዙ ማዶ፣ ከአቀበቱ በላይ ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ አውቶቡስ ወደዚያ መሄድ ትቷል፤ ያንን የወንዝ ድንጋይ ረግጦ የሚያልፍ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ብቻ ነው። እህትማማቾቹም በስልክ ብቻ ድምፅ ለድምፅ ሲፈላለጉ ከረሙ። አንድ ቀን ታላቅየዋ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ "ዓይኔ እየከዳኝ ነው፣ ሚጣዬ" አለቻት። "ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይጠፋል ነው ያለኝ። እንዳታለቅሺ። ብቻ ፊትሽን አንድ ጊዜ ጠግቤ ልየው፤ ከዚያ ከፈለገ ይጨልም።"

አታልቅሺ የተባለችው ልብስ ሰፊ የደንበኛ ቀሚስ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ቀሚሱ እንደገና መተኮስ ነበረበት።

ባሏ የቃል ሰው አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መሀል ማውራት ስለማይቻል ይሆናል፣ ዝምታው ለምዶበት ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ለቅሶዋን ሲያይ "አደርስሻለሁ" አለ። ያቺኑ አንዲት ቃል። በማግስቱ አሮጌ ፒካፑን እየነዳ ክሪክ ዘንድ ሄደ።

ክሪክ የጋራዥ ባለቤት ነው። ስሙ የወጣለት በመኪና ማንሻው ነው፤ አጭርና ደንዳና ሆኖ ከሥር ገብቶ የማያነሳው ነገር የለም። የፒካፑን የፊት ሞላ በወፍራም ብረት ደርቦ፣ የኋላውን ባሌስትራ ለውጦ፣ ትልልቅ ጎማ አስገባለት። መኪናው ሲመለስ ከግቢው አጥር በላይ ይታይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ባይነሳ ይሻላል። ልብስ ሰፊዋ ጉልበቷን ያማታል፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ደረጃ ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነው። በርጩማ ቀረበላት፣ በርጩማው አልደረሰም፤ ባሏ ከኋላ ሆኖ እየገፋ ሰቀላት። ጎረቤት ሁሉ የሆነ ነገር የረሳ ይመስል በየበረንዳው ብቅ ብሎ አየ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ባሏ መሪውን እስከ ጥግ ሲያዞርና የቀኙ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ክርርርት! አለ። ጎማው ከላዩ ያለውን ጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ፋቀው። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

"እንመለስ" አለ ባልየው። "አቀበቱ ላይ ጎማ ቢቀደድብን ገደል ነው።"

እውነቱን ነው። ተመለሱ።

ባልየው ብቻውን ሲነዳ ግን አይነካም። የሚነካው ቀኙ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ ነው፤ ማለትም እሷ ስትቀመጥ። ክሪክ ደግሞ ሳያይ አይሠራም። መጥታ ትቀመጥልኝ ብሎ ላከባት። እሷ ያንን በርጩማና ያንን ሁሉ ተመልካች አስታውሳ "ሥራ አለብኝ" አለች። ባሏ እንደገና መጣ።

"ስንት ኪሎ ነሽ?"

"ምን አልክ?"

"ክሪክ ነው። በአንቺ ፈንታ አሸዋ ሊያስቀምጥ ነው።"

እንግዲህ ይህች ሴት የሰው ወገብ በሜትር ለክታ ያገኘችውን ቁጥር ያለ ርኅራኄ ፊት ለፊት የምትናገር ናት። የራሷ ሲመጣ ግን ግድግዳውን እያየች "ስልሳ" አለች። ስልሳ ኪሎ የነበረችው መቼ እንደሆነ ለማወቅ የሠርጋቸውን ፎቶ ማየት ያስፈልጋል። ባሏ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያትና ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ነው ጆንያው ወንበሯን የወረሰው። ማታ ማታ "እህስ?" ትለዋለች። "ትንሽ ይነካል" ይላል። ሌላ ቀን "ክሪክ እያየው ነው" ይላል። ሳምንቱ ሳምንት እየጎተተ ሄደ። እሷ በመስኮቱ ታየዋለች፤ አንዳንዴ መኪናው ውስጥ ሆኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መኪናውን እየረገመ ነው ብላ አሰበች፤ ፈረደችለትም።

በስልክ ደግሞ ታላቅየዋ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየራቀች ሄደች። መጀመሪያ "መርፌ ማስገባት አቃተኝ" አለች። ቆይታ "ሰዉን አሁን በአረማመዱ ነው የምለየው" አለች። ሁልጊዜም መጨረሻው አንድ ነው፤ "መኪናው አልደረሰም?" ትላለች። "ሊደርስ ነው፣ እቴቴ" ትላለች ልብስ ሰፊዋ። የእህቷን መዳፍ ትናፍቃለች። በልጅነቷ ፀጉሯን ስትሠራት ጭንቅላቷን ወዲህና ወዲያ የሚያዞረውን ያንን ደረቅ መዳፍ።

በመጨረሻ ጥፋቱ ሁሉ የራሷ ነው ብላ ደመደመች። ልብስ ሰፊ ናት፤ በውሸት ልክ የተቆረጠ ልብስ ለማንም እንደማይሆን ታውቃለች። ሰዎቹ በስልሳ ኪሎ አሸዋ እየለኩ መኪና ያስተካክላሉ፣ ስልሳ ኪሎ የሚባል ሰው ግን በዚያ ቤት የለም። እህቷ "ትናንት የቤቴን በር ቀለም መለየት አቃተኝ" ያለቻት ዕለት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ እያነከሰች ጋራዡ ድረስ ሄደች።

ክሪክ አንድ ሚኒባስ ሥር ተጋድሟል። እግሩ ብቻ ይታያል።

"ስማ" አለችው ለእግሩ። "ስልሳ ኪሎ አይደለሁም።"

ክሪክ ተንሸራትቶ ወጣ። "እትዬ? ደህና ነዎት?"

"ሰባ ስምንት ነኝ። እንግዲህ እንደሚሆን አድርገህ ለካ።"

ክሪክ ሳቁን ለመዋጥ በዘይት እጁ አፉን ሲሸፍን ጺሙ ጠቆረ። "እሱንማ ጋሼ ያኔውኑ ነግረውኛል። 'ስልሳ ብላለች፤ አንተ ሰማንያ አድርገው' ነው ያሉኝ።"

ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። ግን የመጣችበት ጉዳይ በለጠባት። "ታዲያ እስካሁን ያልተስተካከለው ለምንድን ነው?"

"የቱ? ያ መንካቱ?" ክሪክ ግራ ገባው። "ፓራፋንጎውን ከውስጥ ጠመኔ ቀብቼ አይቼዋለሁ እኮ። ጎማው የሚነካው ጥጉ ላይ ነው፤ ጠመኔውን ጠርጎታል። ከፓራውልቱ፣ ከፊት መከላከያው ጫፍ፣ መዳፍ የምታህል ቆርጬ፣ የውስጡን የብረት ጠርዝ በመዶሻ ባስተኛው አለቀ። የግማሽ ቀን ሥራ ናት። ጋሼን ብነግራቸው 'ቆይ፣ ላስብበት' አሉኝ። ይኸው እያሰቡ ነው።"

"ጆንያውስ?"

"እሱን ለአንድ ቀን ሙከራ ነበር ያስቀመጥኩት። ላውርደው ስላቸው 'ተወው፣ ይቀመጥ' አሉኝ።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ ደሟ ፈልቶ ጉልበቷን እንኳ ረስታዋለች። የምትለውን ሁሉ በመንገድ ላይ ደርድራ ጨርሳለች፤ አንድም የሚቀር አልነበረም። ፒካፑ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል፣ መስኮቱ ክፍት ነው። በሩ ሥር ደረሰች። መኪናው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ከላይ ያለው ሰው ከታች የቆመችውን አላያትም። እያወራ ነበር።

"... ቲማቲሙ ዛሬ የበሰበሰ ነው። እሷ ብትኖር ሰውየውን አፉን ታስይዘው ነበር። እኔ ዝም ብዬ ገዛሁ። ዛሬም ጉልበቷን ይዛ ነው የተነሳችው። የማላያት ይመስላታል። አብራኝ መሄድ የተወችው ለዚያ ነው ወይስ እኔን ሰልችታኝ፣ እንጃ። ለማንኛውም እሷ ስትሄድ እንግዲህ እኔና አንተ ነን።"

ልብስ ሰፊዋ የደረደረችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ባሏ በዓመት የማይናገረውን ለአንድ ጆንያ ሲያወራለት መስማት ለማንም ይከብዳል። በሩን በመዳፏ መታችው።

"ውረድ።"

ወረደ። ፊቷን ሲያይ ወዴት እንደሄደች ገባው። "ክሪክ ጋ ነበርሽ" አለ።

"እሱ ነገረኝ። አንተ ግን ለምን?"

ሰውየው ወደ ጎማው ዞረ። "ያኔ ድልድዩ ሳለ ለሳምንት ብለሽ እህትሽ ጋ ሄደሽ ክረምቱን እዚያ ከረምሽ።"

"ስመለስ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? 'መጣሽ?' ነው ያልከው። በቃ! ናፍቄው ቢሆን አንድ ነገር ይለኝ ነበር እያልኩ ስንት ጊዜ አንጀቴ አረረ።"

"ናፍቀሽኝ ነበር" አለ፣ አሁንም ለጎማው። "አሁን ደግሞ ገና ሳትሄጂ ትናፍቂኛለሽ። አድርሼሽ ባዶ ወንበር ይዤ ያን ሁሉ መንገድ ልመለስ ነው እያልኩ ... ነገ ይቆረጣል፣ ነገ ይቆረጣል ስል ቀኑ ሄደ።"

"የእህቴም ዓይን አብሮ ሄደ።"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። በዚያች ሰዓት ከዚያ የሚያህል መኪና አጠገብ ሲታይ በጣም ትንሽ ሰው ነበር። "ይቅር በይኝ" አለ። ተናዳለች፤ ንዴቷም ገና አልበረደም። ነገር ግን ይህን የመሰለ ቃል ከእሱ አፍ ለመስማት የጠበቀችበት ዘመን ከንዴቷ ይበልጥ ነበር።

"ማን ተመለስ አለህ?" አለችው። "እኔ ዕቃ ነኝ አድርሰህ አራግፈህ የምትመለስ? አብረኸኝ ትቆያለህ።"

"እህትሽ ቤት? እኔ?" ይህ ነገር በሐሳቡም ሽው ብሎ አያውቅም ነበር።

"አንተ። ደግሞ እዚያ ሄደህ አፍህን እንዳትቆልፍ። ማየት ላቃተው ሰው ወሬ ነው የሚያስፈልገው።"

ክሪክ እንቁረጠው ሲባል ደስታውን አልደበቀም። መቁረጫውን ግን ባልየው ከእጁ ወሰደበት፤ የፓራውልቱን ጫፍ ራሱ ቆረጠ፣ የውስጡንም ጠርዝ ራሱ ቀጠቀጠ። ክሪክ ከጋቢናው በር ሥር ዝቅ ያለች የብረት መረገጫ በየደላት። ጠመኔው እንደገና ተቀባ። ልብስ ሰፊዋ መረገጫዋን ረግጣ፣ ማንም ሳይገፋት ወጥታ ወንበሯ ላይ ከነሰባ ስምንት ኪሎዋ ተቀመጠች። መሪውን እስከ ጥግ አዞሩት፣ ጉድጓድ ውስጥ አስገቡት፣ አወጡት። ክሪክ አጎንብሶ አየ። ጠመኔው እንደተቀባ ነጭ ነው።

ጆንያውን ከኋላ ጫኑት። ወንዙ ላይ የኋላው ጎማ ጭቃ ይዞት መሽከርከር ሲጀምር ባልየው አሸዋውን ከጎማው ሥር አፈሰሰለት። ባዶ ጆንያውን አራግፎ፣ በወግ አጥፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠው። እሷም አልሳቀችበትም። መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር፤ ስለ ግሬደሩ፣ ስለ ቲማቲሙ፣ ብቻዋን ከርማ ስለመጣችበት ስለዚያ ክረምት። እሷ ትሰማለች፤ ልቧ ግን ቀድሟት አቀበቱን ወጥቶ እህቷ ደጅ ቆሟል። በጊዜ እንደርስ ይሆን? ዘግይተን ይሆን?

ታላቅየዋ በሯ ላይ ወንበር አውጥታ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች። ከስታ፣ አጥራ፣ ፀጉሯ ሁሉ ነጥቷል። ልብስ ሰፊዋ ወረደች። "እቴቴ!" ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ያዘችው። ከተናገረች በድምፅዋ ትለያታለች፤ ያ ደግሞ በስልክም ነበረ። ከመንገዱ ጀምሮ ዝም ብላ፣ እያነከሰች ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች። ባሏ መኪናው አጠገብ ቀረ።

ታላቅየዋ እጇን ግንባሯ ላይ ከልላ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አደረገች። ወደ ቀኝ ዘንበል አደረገች። ያ ደረቅ መዳፍ ተዘርግቶ የልብስ ሰፊዋን አገጭ ያዘና ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ዓይኖቿ ጠበቡ፣ ፈለጉ፣ ቆዩ።

"ውይ አንቺ!" አለች። "እንዴት ነው የወፈርሽው?"

"ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ፣ እቴቴ" አለች ልብስ ሰፊዋ እንባዋ እየወረደ። "ጠግበሽ እዪኝ።"