በልካችን የተቆረጠ ውል

ሴትየዋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ቋጥራ የያዘችው ቂም አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ወረቀት አለሽ?» የምትል።

ጥያቄዋን የጠየቃት ድሮ የሠራችበት የመጋረጃ ቤት ባለቤት ነው። እዚያ ቤት፣ መስኮቱ ሥር ባለው ማሽን ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣ ሰፍታለች። ወንበሩ ደረቅ እንጨት ስለነበር ወገቧ አላስቀምጥ ሲላት፣ ከመጋረጃ ትርፍራፊ አረንጓዴ ትራስ ሰፍታ ትቀመጥበት ነበር። አንድ ቀን እናቷ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ወደቀች። እሷም አራት ቀን ከእናቷ አልጋ ሥር አልተነሳችም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስትመጣ ማሽኗ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ያውም ትራሷ ላይ።

ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «ውል አለሽ? ወረቀት አለሽ? ካለሽ አሳዪኝ» አላት።

ወረቀት አልነበራትም። ቀኝ ኋላ ዙር ብላ ወጣች። ትራሷን እንኳ «ስጡኝ» አላለችም፤ እስከ ዛሬ እንደ እሳት የሚለበልባት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሰማትም ላልሰማትም የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «ወረቀት ቢኖረኝ ኖሮ ማንም አይነቀንቀኝም ነበር!»

አሁን የራሷ ቤት አላት። ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች፣ ስድስት ማሽን፣ መሃል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ። የምትሰፋው የደንብ ልብስ ነው፤ የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የትምህርት ቤት። ስድስት ሴቶች አብረዋት ይሠራሉ። ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፣ ዞር ስትል ደግሞ «ሜትር»፤ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ። ታውቃለች። ደስ ይላታል እንጂ አይከፋትም።

አንድ ሰኞ የአንድ ክሊኒክ ዕቃ ግዢ ኃላፊ መጣና ሁለት መቶ ጋውን ሊያሠራት እንደሚፈልግ ነገራት። ይህን ያህል ሥራ በአንድ ጊዜ አግኝታ አታውቅም፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ የቤቱን ወጪ የሚሸፍን ሥራ ነው። ሰውየው ግን አንድ ነገር ጠየቀ። ዓርብ ቀትር ላይ ሲመለስ አምስት ናሙና ጋውንና የእያንዳንዷ ሠራተኛ የተፈረመ የሥራ ውል ማየት አለበት።

ውል! ያንን ሁሉ ዓመት ስለ ወረቀት ስታወራ የኖረችው ሴት፣ ለራሷ ሠራተኞች አንድም ወረቀት አልሰጠቻቸውም ነበር። በቃል ተስማሙ፣ በቃል ኖሩ። ፊቷ ቀላ። ወዲያው ቢሮ ለምትሠራው ለእህቷ ልጅ ደወለች።

«አክስቴ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው! ኢንተርኔት ላይ በነፃ ሞልቷል። ስም መሙላት ብቻ ነው።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

«ማን ነው ዝም ብሎ ውል የሚያድል? ምን ፈልጎ ነው?»

«ኧረ ምንም አይፈልግም! ዳውንሎድ አደርግና ነገ አትሜ አመጣልሻለሁ።»

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ የእህቷ ልጅ የታተመውን ይዛ ከተፍ አለች። ለአንድ ሰው አሥራ አንድ ገጽ፣ ጥግ ጥጉ በስቴፕለር የተመታ። ሴትየዋ ወረቀቱን በእጇ መዝና ደስ አላት፤ ከባድ ነው። ሴቶቹ እጃቸውን ታጥበው ተራ በተራ ፈረሙ፤ እሷም በአሠሪ ቦታ ላይ እየተጠነቀቀች ፈረመች።

«እኔ ባሌን ሳገባ እንኳ ይህን ያህል ቦታ አልፈረምኩም» አለች ኮሌታ ሰፊዋ፣ የቤቱ ቀልደኛ።

«ለዚህ ነዋ በየጊዜው ጥዬህ እሄዳለሁ የምትይው» አለቻት ልብስ ተኳሿ፣ ካውያዋን እያስቀመጠች።

ያልፈረመችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣው ማሽን ላይ የምትሠራው። «ባለቁልፏ» ነው የሚሏት። ዝምተኛ ናት፤ እጇ ግን ወርቅ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ለሴትየዋ ደውላ፣ «እትዬ፣ ልጄ መተንፈስ አቅቷት ሆስፒታል አስተኝተዋታል» ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኳ ተዘጋ።

የእህቷ ልጅ ልትወጣ ስትል ሴትየዋ፣ «ይሄንን ሁሉ ማን ያነብልኛል?» አለቻት።

«ማንም አያነበውም፣ አክስቴ። ሰው ይፈርማል፣ ያስቀምጣል።»

«እኔ አነበዋለሁ» አለች ሴትየዋ።

ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስይዛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየነካች ነው። ረቡዕ ምሳ ላይ ሴቶቹን ሰበሰበችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። አንደኛው ገጽ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ ለሠራተኛው ስለሚሰጥ መኪናና ሾፌር ይላል።

«የኔ መኪና ቀይ ይሁንልኝ» አለች ኮሌታ ሰፊዋ።

«ዝም በይ፣ ላንብብ!» አራተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ሴትየዋ ድምፅዋን ቀነሰች። «ሠራተኛው… መርከቡ… ወደብ በደረሰ ጊዜ… ከካፒቴኑ ፈቃድ ውጪ… መውረድ አይችልም።»

ለመርከብ ድርጅት የተዘጋጀ ፎርም ኖሯል! ኮሌታ ሰፊዋ ብድግ አለችና እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ እንደ ወታደር ቆመች። «ካፒቴን! ሽንት ቤት ልወርድ ነው፣ ፈቃድ!»

ተኳሿ ሳቋ ትን ብሏት ጀርባዋን መቱላት። ሴትየዋም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ግን ግትር ናት፤ የጀመረችውን አትተውም። ዓይኗን ጠርጋ ቀጠለች። ስምንተኛው ገጽ ላይ ጣቷ ቆመ።

«ሠራተኛው በማናቸውም ምክንያት ለተከታታይ ሦስት ቀናት ከሥራ ከቀረ… አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ… በቦታው ሌላ ሰው መተካት ይችላል።»

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ቁልፍ ማሽኑ ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው።

ሴትየዋ ወደ ደረጃው ወጥታ ለእህቷ ልጅ ደወለችና ያነበበችውን ነገረቻት።

«መርከቡንስ እሰርዘዋለሁ፣ ይቅርታ» አለች የእህቷ ልጅ። «ስምንተኛው ገጽ ግን ይቆይ። እሱ አንቺን የሚጠብቅ ነው።»

«ከማን ነው የሚጠብቀኝ? ከባለቁልፏ?»

«አክስቴ፣ ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው፣ ነገ ሦስት ይሞላል። ቁልፍ ማሽን የምታውቅ ልጅ አግኝቻለሁ፤ ዓርብ ጠዋት ትገባለች። ሰውየው መጥቶ ወንበሩን ባዶ ካየው ሁለት መቶውን ጋውን ይዞ ወደ ሌላ ቤት ነው የሚሄደው። አንጀትሽ ስስ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ሥራ ነው።»

«አንጀቴን ተይው፤ ልጅቷን ግን እንዳትልኪያት» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመች። ከሥር የሞቀ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ያን ጊዜ እኮ እሷም ከመጋረጃ ቤቱ የቀረችው አራት ቀን ነበር። ወረቀት ቢኖራት ኖሮ ይኸው ወረቀት ነበር የሚኖራት። ባለቤቱ ስምንተኛውን ገጽ ገልጦ፣ ፊርማዋን አሳይቶ፣ በደንብ አድርጎ ያስወጣት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት «ወረቀት ቢኖረኝ» ስትል የኖረችው ለዚህ ነበር? ልናደድ ብላ ጀመረችና ተወችው። ለንዴት ጊዜ የለም።

ስትመለስ ዓይኗ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የልብስ ልኮች ላይ አረፈ፤ ጨርቅ የሚቆረጥባቸው የወረቀት ፓተርኖች። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ፓተርን አሳምራ ታውቀዋለች። ለሁሉም ሰው ተብሎ ስለሚሠራ ማንም ላይ በደንብ አይቀመጥም፤ ትከሻው ይሰፋል፣ ደረቱ ይጠብቃል። ግን አይጣልም። ሰውየውን ለክተህ፣ ከዚህ ቀንሰህ፣ ከዚያ ጨምረህ ትቆርጠዋለህ። አንድ ክንድ ጨርቅ ሳትለካ ቆርጣ የማታውቅ ሴት፣ የአምስት ሰው ኑሮ ሳትለካ አስፈረመች!

ሐሙስ ጠዋት ጠረጴዛውን አጸዳች። የጨርቁን መቀስ ሳይሆን የወረቀቱን አነሳች፤ በጨርቅ መቀስ ወረቀት የቆረጠ ሰው እዚያ ቤት ውሎ አያድርም። የራሷን ቅጂ አሥራ አንድ ገጽ አንድ በአንድ፣ አንቀጽ ባንቀጽ ቆራረጠችው። ቁርጥራጩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሴቶቹን ጠራች።

«ኑ። ልክ ነው፣ ይጠባል ወይስ ይሰፋል፣ ንገሩኝ። ልክ ያልሆነ ቅርጫት ይገባል።»

መርከቡ ቅርጫት ገባ። መኪናውም ገባ፤ ኮሌታ ሰፊዋ «ቀዩ መኪናዬ!» ብላ ሸኘችው። የሥራ ሰዓቱ ልክ ነው ተባለ። የደሞዝ ቀኑም፣ ማንም ከሥራ ሲለቅም ሆነ ሲሰናበት አንድ ወር ቀድሞ መንገር አለበት የሚለውም በስፒል ተያዙ። ተኳሿ በየሁለት ሰዓቱ ከእንፋሎቱ ገለል የምትልበት ዕረፍት ይጨመርልኝ አለች፤ ሴትየዋ አንገራገረችና ጨመረች።

«ማርፈድንስ?» አለች።

«እሱንማ ጻፊው እንጂ» አለች ኮሌታ ሰፊዋ። «እኔ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ካልተጻፈብኝ ጭራሽ አልመጣም።»

ስምንተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ ቁራጩን ወደ ቅርጫቱ ጣለችና እርሳስ አነሳች። በራሷ እጅ፣ በትልልቁ ጻፈች፤ «የቤት ሰው የታመመባት ወይም የሞተባት ሠራተኛ መልእክት ከላከች፣ እስከ አንድ ወር ድረስ ወንበሯ ይጠብቃታል። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። ሥራዋን ሌሎቻችን እንከፋፈላለን።»

«እኛም ነን የምንከፋፈለው?» አለች ተኳሿ።

«አንቺ ስትቀሪስ ማን ሊሠራልሽ ኖሯል?»

ተኳሿ ትንሽ አሰበችና፣ «ይሰፋ» አለች። «ለወለደችም ይሁን።» ተሰፋ።

የእህቷ ልጅ ምሳ ላይ ስትመጣ ጠረጴዛውን አይታ ጭንቅላቷን ያዘች። «አክስቴ! ውል በመቀስ ይቆረጣል እንዴ?»

«ምን ሆነ? በነፃ አይደል ያገኘሽው?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። ጎበዝ ናት፤ ቁጭ ብላ በስፒል የተያያዘውን ሁሉ በላፕቶፕ ጻፈችው፤ ከሥራ ሕጉ ጋርም አስተያየችው። «ሁለት ነገር ይጎድላል» አለች፤ የሥራው ዓይነትና ውሉ የሚጀምርበት ቀን። ተጨመረ። ሁሉም ሁለት ገጽ ወጣው። ሴቶቹ ያን አሥራ አንድ ገጽ በገዛ እጃቸው ቀደው አዲሱን ፈረሙ። ሴትየዋ ደግሞ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ የናሙናዎቹን የቁልፍ ቀዳዳ በእጇ ትሰፋ ጀመር። የቁልፍ ማሽኑን እሷም ታውቀዋለች። ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ማሽኑም ልብሱን እንደለበሰ ቀረ።

ዓርብ ቀትር ላይ የክሊኒኩ ሰው መጣ። ወንበሮቹን ቆጠረ፣ ሰዎቹን ቆጠረ።

«አንድ ሰው ይጎድላል።»

«ልጇ ሆስፒታል ተኝታለች። ዛሬ አራተኛ ቀኗ ነው።»

«እና በቦታዋ ሌላ ሰው አልተኩም?»

«ሁለተኛውን ገጽ ያንብቡት፣ ጌታዬ።»

አነበበ። መነጽሩን ከፍ አድርጎ እንደገና አነበበ። «ይሄ የተለመደው ፎርም አይደለም።»

«አይደለም። የተለመደው መርከብ ነበረበት።»

ከኋላ ኮሌታ ሰፊዋ ሳቋን በጨርቅ አፈነች። ሰውየው አልገባውም፤ ግን ቀጠለ። «ሰው በቀረ ቁጥር ወንበር ባዶ ከተዋችሁ፣ ጋውኔን በቀኑ የምታስረክቡኝ እንዴት ነው?»

ሴትየዋ ናሙናውን አነሳችና የቁልፍ ቀዳዳውን ዘረጋችለት። «ይጎትቱት።» ጎተተው። «ጠንከር አድርገው!» በሁለት እጁ ጎተተው። አንዲት ክር አልተነቃነቀችም።

«ማሽን ነው?»

«እጅ ነው። የቀረችውን ሴት ሥራ እንደዚህ ነው የምንሠራላት።»

ሰውየው ጋውኑን አገላብጦ አየና ውሎቹን ቆጠረ። «አምስት ነው። ሥራው የእናንተ ነው፤ ስድስተኛው ፊርማ ሰኞ ከሌለ ግን…»

«ይኖራል።»

«ካልመጣችስ?»

«ትመጣለች» አለች ሴትየዋ። የባለቁልፏ ስልክ ከተዘጋ አራት ቀን እንደሆነው አልነገረችውም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ባለቁልፏ ናት፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፣ እግሯ ደፉን ለመሻገር ፈርቷል። ሰላም ከማለቷ በፊት ዓይኗ በቀጥታ የሄደው ወደ ወንበሩ ነበር። ሴትየዋ ያንን ዓይን በሚገባ ታውቀዋለች።

«እትዬ… ስልኬ በዚያው ሁካታ ጠፍቶብኝ…»

«ልጅሽ?»

«ተሻላት። ትናንት ማታ ወጣን። እህቴ ጋ ናት።»

«እሰይ። ግቢና ይሄን አንብቢ። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሪ።»

ባለቁልፏ ቆማ አነበበች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ውሉን ማሽኑ ላይ አድርጋ፣ አጥብቃ ፈረመች። ኮሌታ ሰፊዋ፣ «እንኳን ወደ መርከባችን በደህና መጣሽ!» ስትላት ብቻ ግራ ገብቷት ቀና አለች፤ ሴቶቹም ሊነግሯት ተሻሙ።

ሴትየዋ አንድ ትርፍ ቅጂ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንዳለ ደረጃውን ወርዳ፣ ሁለት መንገድ ተሻግራ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ፊቷን ያዞረችበት መጋረጃ ቤት ገባች።

ባለቤቱ አርጅቷል። መስኮቱ ሥር፣ ያው ማሽን ላይ፣ አንዲት ወጣት ደረቅ እንጨት ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ትራሱ የለም። ሰውየው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት።

«ማንን ነው?»

«ድሮ እዚህ እሠራ ነበር። ወረቀት አለሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አለችና ሁለቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይኸው፣ አለኝ። በነፃ ነው፣ ይውሰዱት።»

ሰውየው ወረቀቱን ያነሳል ወይ ይጥላል ብላ አልጠበቀችም። ማሽኗን አቁማ ወደምታዳምጣት ወጣት ዞረች።

«ሁለተኛውን ገጽ አንብቢው፣ ልጄ። ግን እንዳለ እንዳትወስዱት፤ የተቆረጠው በኛ ልክ ነው። ለክታችሁ ቁረጡት» አለቻት። ወንበሩን አንድ ጊዜ አየችው። «ትራስም ስፊለት።»

ሁለት መቶ ጋውን ይጠብቃታልና ፈጠን ብላ ወጣች።