ሲስተር ቆዩ ያልቆየችበት ቀን

ሥራ ቦታ ስሟ ሲስተር ቆዩ ነው። ስሙን ያወጡላት ሐኪሞቹ ናቸው፤ ግማሹ ለፍቅር፣ ግማሹ ለሽሙጥ። የአንዲት ወላድ ምጥ ትንሽ ዘግየት ብሎ ሰው ሁሉ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ሲጣደፍ፣ አዋላጇ በሩ ላይ ትገተርና «ቆዩ እንጂ! ልጁ እንደሆነ መንገዱ አልጠፋበትም!» ትላለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይቀናታል።

ሥራ በጀመረችበት ዘመን ከአሥር ወላድ አንዷ በኦፕሬሽን ብትቀደድ ነው። አሁን ግማሾቹ እየተቀደዱ ነው። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ጊዜ ቢኖረው ይሻለዋል፤ ነገሩ ያንገበግባታል። ሐኪሙ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሌላ ክሊኒክ ይጠበቃል፣ ምጥ ደግሞ ሰዓት አያውቅም። ነገር ቢበላሽ «ለምን አልቀደድክም» ተብሎ የሚከሰስ እንጂ «ለምን ቀደድክ» የተባለ ሐኪም አይታ አታውቅም። በእግሩ የመጣ ልጅ በእጃቸው ያዋልዱ የነበሩት አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ፣ ሙያውም አብሯቸው ወጣ። ሴቶቹም ቢሆኑ «እኔኮ በኦፕሬሽን ነው የወለድኩት» ሲሉ ፎቅ ቤት የገዙ ይመስላሉ።

ዛሬ ግን ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው የገዛ ልጇን ነው። ልጅቱ ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች፤ ገና በሰባት ወሯ ጠዋት ደም ፈሰሳት። እንግዴ ልጁ በድሮው የኦፕሬሽን ጠባሳ ላይ ሥር ሰዷል፤ ሲነካም ደሙ አይቆምም። ባልየው ደም ሊሰጥ ወደ ታች ሮጧል።

ወጣቱ ቀዳጅ ሐኪም ከመግባቱ በፊት መዝገቡን ይዞ ጠየቃት። «ሲስተር፣ ሁለተኛውን የቀደዷት የመጀመሪያው በኦፕሬሽን ስለነበረ ነው። የመጀመሪያውን ግን ለምን ነበር?»

«ምጧ ቆሞባት» አለች።

አልቆመባትም ነበር።

የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ልክ እዚህ ሕንፃ ውስጥ፣ ልጇ የበኩሯን ስታምጥ የማህፀኗ በር አምስት ሴንቲ ተከፍቶ ነበር። ምጧ የበረታው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። የሕፃኑ የልብ ትርታ ምንም አልሆነም። የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ኖሮ ሲስተር ቆዩ ወገቧን አሽታ፣ አራምዳ፣ ውሃ አጠጥታ እስከ ማታ በሳቅ ባዋለደቻት። ልጅቱ ግን የአልጋውን ብረት ጨምድዳ «እማዬ፣ አንቺ እያለሽ እንዲህ ልሁን?» አለቻት። የእናት አንጀት ይህን አልቻለም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን የዚያን ቀኑ ተረኛ ሐኪም ኮቱን እየደረበ ብቅ አለ። «እኔ ያለሁት እስከ አሥር ነው፤ ከኔ በኋላ ማን እንደሚገባ ታውቂያለሽ» አላት። የሚገባው ገና እጁ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ነበር።

የምጥ መከታተያው ቅጽ ላይ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉ። የአዋላጇ ነጥብ ሁለተኛውን መስመር ከተሻገረ ምጡ ቆሟል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ለምን ቀደድክ የሚል የለም። እሷም እስክሪብቶዋን አነሳችና ምጡ የበረታበት ሰዓት በሚለው ቦታ ከሰባት ይልቅ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ብላ ጻፈች። ስድስት ሰዓት ጨመረችበት። ነጥቡ መስመሩን ዘለለ፤ ከአሥር ሰዓት በፊትም የልጅ ልጇን አቀፈች። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

የኦፕሬሽን ክፍሉ በር የተከፈተው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ወጣቱ ሐኪም ጭምብሉን አወረደ፤ ቦት ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደም ነው።

«ልጅዎት ተርፋለች» አላት። «ማህፀኑን ግን አወጣነው። ሕፃኗ… አልቻለችም፣ ሲስተር።»

ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ስንቷን ወላድ እናት አይዞሽ ስትል የኖረች ሴት፣ አሁን አይዞሽ የሚላት ሰው ቃል አልገባትም።

ልጇ ስትነቃ መጀመሪያ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ የእናቷን ፊት አየች፤ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሁለቱም ድምፅ ሳያወጡ አለቀሱ።

«እማዬ» አለች ቆይታ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ «ያኔ አንቺ ባትኖሪ እኮ የመጀመሪያዬንም እንዲህ አጣው ነበር። ምጤ ቆሞ እሱን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ አይደል?»

አዋላጇ የልጇን ከንፈር በውሃ አራሰች። እውነቱን ብትናገር ልጇ የቀራትን አንድ ማጽናኛ መንጠቅ ነው። ባትናገር ደግሞ ይህን ምስጋና እስክትሞት ስትቀበል መኖር ነው። የቱም አይሻልም።

«አዎ የኔ እናት» አለቻት፣ «አትርፌልሻለሁ።»

ልጅቱ የእናቷን እጅ ወደ ከንፈሯ ስባ ሳመችው።