ከብየዳው ጎን የተሰነጠቀው ጠረጴዛ

ሙስዐብ ገና ወጣት ሳለ፣ ወልድያ አንድ ጋራዥ በር ላይ መኪና ሲጠብቅ፣ ሁለት በያጆች ሲጨቃጨቁ ሰምቶ ነበር። አንደኛው፣ "ስንጥቁን ዝም ብለህ ከደፈንከው እየረዘመ ይሸሽሃል፤ መጀመሪያ ጫፉን ብሳው" ይላል። ሌላው ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ነገሩም ስለ ነዳጅ ጋን ይሁን ስለ በርሜል፣ ዛሬ ትዝ አይለውም። ብየዳን ቁጭ አድርጎ ያስተማረው ሰው የለም፤ እንዲህ እየሰማ፣ እያየ፣ ጣቱንም እያቃጠለ ለመደው።

አሁን መርሳ ከተማ ላይ የራሱ ብየዳ ቤት አለው፤ ስሙም ተሰምቷል። የምግብ ቤት ባለቤቷ ረሂማ ስታስጠራው ያንገበገበውም ይኸው ስሙ ነው። የወጥ ቤቷን የማይዝግ ብረት ጠረጴዛ ከረመዳን በፊት የበየደላት እሱ ነበር። አሁን ተሰንጥቋል። የሥጋ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ እየገባ መሽተት ጀምሯል፤ ለቅዳሜ ደግሞ የኒካህ ድግስ ተቀብላለች። ነገሩን አላለሳለሰችለትም። ዳግም ከተሰነጠቀ በያጅ ከወልድያ እንደምታስመጣ በሠራተኞቿ ፊት ነገረችው።

ሙስዐብ ቢስሚላህ ብሎ ጎንበስ አለና በጣቱ ዳበሰው። የሱ ብየዳ እንዳለ ነው፤ የተሰነጠቀው ከጎኑ ያለው ብረት ነው። መሣሪያውን አላወጣም። ጥግ ይዞ ተቀመጠና የምሳ ሥራ እስኪጀመር ጠበቀ። ረሂማ በዚህ ጥድፊያ መሀል የሰው መቀመጥ ቢያበሽቃትም ቻለችው።

ከዚያ ሰማው። የቤቱ ሥጋ ቆራጭ አያ ኡበይደላ የሥጋ መቁረጫ ግንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አጥንት በመጥረቢያ ሲመቱ፣ ስሱ ብረት እንደ ባዶ በርሜል ይጮኻል። ከስሩ ደጋፊ የለውም፤ በመቱት ቁጥር ይረግብና ይመለሳል።

ግንዱን መሬት ያወርዱት እንደሆን ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። ሥጋ ንዕማ ነው፣ የአላህ ጸጋ፤ እግር በሚረግጠው ቦታ አይወርድም፤ አባታቸውም አላደረጉትም። ቀጥለው ፈገግ አሉና፣ "አንተ ልጅ፣ ብየዳህ ካልያዘ በኔ መጥረቢያ አታሳብብ" አሉት። ወጥ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሙስዐብም አብሮ ሳቀ። ሽማግሌው ንዕማን ማክበራቸው ደስ ብሎታል፤ ብረቱ ግን ይህን ሁሉ አይችልም። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በሳቸው። እንዳይጣመም በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዘ፣ ጥቂት በጥቂት በአርጎን ጋዝ በየደው። ከስሩ ደጋፊ ብረት ሰጠው። በመጨረሻ የብርጭቆ ወረቀት ይዞ፣ ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ በተፋቀበት አቅጣጫ እየሳበ አለሰለሰው። ረሂማ ስንጥቁ የነበረበትን ቦታ በመዳፏ ብትፈልግ አጣችው።

ይህ ብቻ አልበቃውም። ብየዳ ቤቱ ሄዶ ከወፍራም ብረት ባለአራት እግር መቆሚያ፣ ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ለግንዱ ሠርቶ አመጣና ጥግ ላይ አቆመው።

"አያ፣ ንዕማው ከፍ እንዳለ ነው" አላቸው። "አንቱም ጎንበስ አይሉም።"

አያ ኡበይደላ መቆሚያውን ዞሩት፤ በጉልበታቸው ገፉት። አልወዛወዝ አላቸው። ስህተት ሲፈልጉ ቆዩና፣ ጥግ ላይ ከሆነ የመንገዱን ሰው እንደማያዩ፣ የአላፊ አግዳሚው ሰላምታም እንደሚቀር አማረሩ። ሙስዐብ መቆሚያውን አንስቶ መስኮቱ ስር አስቀመጠው።

ሽማግሌው ወደ ውጭ አየት አድርገው ጢማቸውን ዳበሱ።

"ይሁን" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ላይ እቆርጣለሁ። ግንዱን ግን ማንም እንዳይነካብኝ፤ ከጠረጴዛው እኔው አወርደዋለሁ።"