በጭልፊቷ ላይ የማልኩት

እኔ ፈትሂያ ስናደድ አፌን አልችለውም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም አልክድም። ያን ቀን ግን ጎረቤቴ ቀለሙ እንኳን ደንግጦ፣ «ኧረ ተይ ፈትሂያ፣ የፈጣሪን ስም ጠርተሽ አትማይ!» ብሎኛል። ማን ሰምቶት! ከአሥራ አራት ጫጩቶቼ ዘጠኙ አልቀው ነበራ። ከሰው ጫጩት እንዳይቀላቀሉብኝ ብዬ እግራቸው ላይ ቀይ ክር ያሰርኩባቸው፣ በእጄ ያሳደግኳቸው። ሌባዋ ደግሞ ከማሳዬ በላይ ገደሉ ላይ የምትኖረው ጭልፊት ናት ብዬ ቆርጫለሁ።

«ወላሂ! የፊታችን ጁምዓ ሳያልፍ ይቺን ጭልፊት በመርዝ ካልደፋኋት እኔ ፈትሂያ አይደለሁም!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የአይጥ መርዙንም ኮምቦልቻ ወርጄ ገዛሁ።

እሁድ ዕለት ታናሽ ወንድሜ ሀፊዝ ከደሴ መጣ። እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የሚሠራ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ክንድ የሚያህል ሌንስ ተሸክሞ ሲመጣ እኔን ናፍቆ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ለጭልፊቷ ነው የመጣው! ሁለት ዓመት ሙሉ የጦሳን ተራራ ገደል ለገደል ሲዞር፣ ጭልፊት አየር ላይ ስታድን ላንሳ ብሎ ሲለፋ፣ ከጭራ በቀር ያገኘው የለም። መሐላዬን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እታለም፣ እስከ ጁምዓ ታገሺኝ» አለኝ። «የምትበላውን በፎቶ አሳይሻለሁ። ጫጩትሽን የማትበላ ከሆነ ትተዪያታለሽ?»

«ካልበላች እተዋታለሁ። ከበላች ግን ምሕረት የለኝም» አልኩት።

በዚህ ተስማማን። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ማሽላዬ እሸት ይዟል፤ ግሪሳ የሚባለው የወፍ መዓት ደግሞ ጠዋትና ማታ ይመጣል። እኔ ማሳው መሀል ከተሠራው ማማ ላይ ቆሜ በወንጭፍ አባርራለሁ፣ እሱ አጠገቤ ካሜራውን ይዞ ይጠብቃል። ጭልፊቷ ብቅ ባለች ቁጥር ይከተላታል፤ ካሜራው ግን ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል።

«ሙሽራ መሰለችህ እንዴ?» እለዋለሁ። «ፈገግ በይ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ በላታ!»

«ወንጭፍሽ ነው የሚያባርርብኝ» ይላል አኩርፎ።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዴ ቀጭ ቀጭ አደረገና የካሜራውን መስኮት ትኩር ብሎ አየ። «አገኘኻት?» ስለው ካሜራውን አጠፋው። «ደብዝዟል፣ ተዪው» አለኝ። እኔም ተውኩት።

ማክሰኞ ምንም የለ። ረቡዕ ምንም የለ። መርዙ ጓዳዬ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል።

ሐሙስ ጠዋት ግሪሳው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ተነሳ። ግሪሳን ያላየ ሰው፣ ወፍ አይደል እንዴ፣ ብሎ ይንቀዋል። የዓመት ቀለብን በአንድ ጠዋት ሙልጭ የሚያደርግ ጉድ ነው! ወንጭፌን አነሳሁ። ሀፊዝ እጄን ያዘኝ።

«እታለም፣ ወንጭፉ ሲጮህ እሷም ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ብቻ ዝም በያቸው። በአላህ ይሁንብሽ።»

«እህሌን ላስበላ?»

ዓይኑን አየሁት፤ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል። የእናቴ ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ! «ፀሐይዋ ከዚያ ግራር በላይ እስክትወጣ። ከዚያ በኋላ አላውቅህም» አልኩት።

ግሪሳው ማሳዬ ላይ ሰፈረ። የማሽላዬ አናት ሁሉ ጎበጠ። ሲበሉ ድምፃቸው ይሰማል፤ ወንጭፉን እንዳላነሳው በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። ፀሐይዋ ግራሩ ጫፍ ልትደርስ ስትል ድንገት ሁሉም ጸጥ አሉ።

ሃያ ዓመት ወፍ ጠብቄያለሁ። ግሪሳ ጸጥ የሚለው ጠግቦ አይደለም፣ ከበላዩ የሚፈራው ሲመጣ ነው። ሀፊዝ ካሜራውን ወደ ገደሉ ቀስሮ ይፈልጋታል።

«ወደ ላይ አትይ፣ መንጋውን እይ!» አልኩት በሹክሹክታ። «እኔ ድንጋይ የምወረውረው ወፏ ያለችበት ላይ ነው እንዴ? የምትደርስበት ላይ ነው። ከዚያ ከማሳው ጫፍ ካለው ጉቶ በላይ ያዝ፣ በዚያ ነው የሚነሱት!»

ካሜራውን አዞረ። ግሪሳው እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ። ማሳው ከነአፈሩ የተነሳ መሰለኝ።

ስትወርድ አላየኋትም፤ ሰማኋት እንጂ። አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ከሰማይ ወረደ። ያ ሁሉ ወፍ ለሁለት ተከፈለ፤ በመሀሉ ባዶ ሰማይ ታየ፤ በባዶው ሰማይ ውስጥ እሷ ብቻዋን። ክንፏን አጥፋ ነበር፣ ዘረጋችው፤ እግሯን ወደ ፊት ወረወረች፤ አንዱን ለቀም አድርጋ ስትታጠፍ በማማው አናት ላይ አለፈች። ነፋሷ ሻሼን ነካው። ዓይኗን አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ ምንም ፍርሃት የለበትም። እኔ፣ ሰው የማልፈራው፣ ዓይኔን ሰበርኩ።

«አጃኢብ! ሱብሃነላህ! ያረቢ፣ ምን ዓይነት ነገር ፈጠርክ!» ብዬ ጮህኩ። ማማው ላይ ቁጭ አልኩ። እንባዬ ሲወርድ አላፈርኩም። ግሪሳው ቦርከናን ተሻግሮ ሄደ፣ ያን ቀን አልተመለሰም። በሃያ ዓመት ወንጭፍ ያላደረግኩትን እሷ አንዴ ወርዳ አደረገችው።

ሀፊዝ ፎቶውን አሳየኝ። ሁሉም አለ፤ ክንፏ፣ ጥፍሯ፣ ግሪሳዋ፣ ሁለት የሆነው መንጋ።

«በቃ!» አልኩት። «ወፍ እንጂ ጫጩት እንደማትበላ በዓይኔ አየሁ። ነገ ለሰፈሩ እመሰክራለሁ፣ ስሟን አጥፍቻለሁና።»

ደስ ይለዋል ስል አንገቱን ደፋ።

«እታለም፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ። የሰኞውን ደብቄሽ ነበር። በውሸት ግን ላስመሰክርሽ አልችልም።»

ካሜራውን ሰጠኝ። ፎቶው አልደበዘዘም። ጭልፊቷ በገደሉ ፊት ለፊት ትበራለች፤ በጥፍሯ የያዘችው ጫጩት ነው፤ ከእግሩ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። ቋጠሮው የእኔ ነው። ድርብ አድርጌ የምቋጥር እኔ ብቻ ነኝ።

ደሜ ፈላ። ነገ ጁምዓ ነው፣ መርዙ ቤት ነው፣ መሐላው የእኔ ነው። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ከዚህ ማሳ ወጥቼ ከደሴና ከኮምቦልቻ ርቄ የማላውቅ ሴት፣ በጣቴ የቋጠርኩት ክር ከገደሉ በላይ፣ ሰማይ ላይ ሲሄድ አየሁ። ቁጣዬን ፈለግኩት፤ ነበረ፣ ግን ከዚያ ከጭልፊቷ ዓይን ጋር ማስተያየት አቃተኝ።

ማታውኑ መርዙን ሽንት ቤት ጨመርኩት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ጎረቤት ተሰበሰበ። «በልታለች» አልኳቸው። «ፎቶው ይኸው፣ ክሩም የእኔ ነው። እኔ ግን አልገድላትም። የሚነካትም ከእኔ ጋር ነው!»

«መሐላሽስ?» አለ ቀለሙ።

«አፈረስኩት። ከፋራውን እከፍላለሁ።»

እኛ ዘንድ መሐላ ያፈረሰ ሰው አሥር ሚስኪን ያበላል። ከግሪሳው ከተረፈው ማሽላ መጀመሪያ የደረሰውን አጭጄ፣ ወቅቼ፣ አስፈጭቼ አሥር ሰው አበላሁ። ጠግበው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እኔም በሆዴ ለእሷ አሚን አልኩ።

ሀፊዝ ደሴ ሲመለስ፣ «የትኛውን በትልቁ አትሜ ልላክልሽ? የግሪሳውን አይደል?» አለኝ። ሰው ሁሉ የሚያደንቅለት ያንን ነው።

«የሰኞውን» አልኩት።

አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የተረፉትን ጫጩቶች ቅርጫት ደፍቼባቸው ነው የምውለው፤ ክሩን ማሰር ግን አልተውኩም። እንግዳ ሲመጣ ፎቶውን ያይና፣ «ምንድን ነው የያዘችው?» ይለኛል።

«የእኔን ጫጩት» እላለሁ። «አፉ ብያታለሁ።»