በቂ መኖ አለ

ሰዎቹ ባለሜትሩ ይሉታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የድርቆሽና የጭድ ክምር ዙሪያ በሜትር ሲለካ ስላዩት። ሥራው የአካባቢውን መኖ ማጥናት ነው፤ ምን ያህል እንዳለ፣ ለስንት ከብትና ዶሮ፣ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ወጣ። ባለሜትሩ አርባ መንደር ዞረ። ክምሩ ከወገብ አያልፍም፤ አንዳንዱማ እጁን ሲሰድበት ውስጡ ሻግቷል። ዘይት መጭመቂያው ለከብት የሚሆነውን ፋጉሎ ለሩቅ ነጋዴ ሸጦ ጨርሷል። ዶሮ አርቢዎቹ በቆሎ ከሰው ጋር መሻማት ጀምረዋል። ቢደምር ቢቀንስ ያለው መኖ ከሁለት ወር አይዘልም፤ ቀጣዩ ዝናብ እስኪመጣ ግን ገና አምስት ወር ይቀራል። «ከብቱ ሳይከሳ ይሸጥ» ብሎ ጻፈ።

የቢሮው ኃላፊ ሪፖርቱን አንብቦ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ይኼ ሁሉ አረንጓዴ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አረም ነው። ከብት አይቀምሰውም፤ ሄጄ አይቼዋለሁ።»

«ባለፈው ወር መኖ ተርፎናል ብለን አሁን የለም ብንል ማን ያምነናል? አስተካክለው።»

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። «በቂ መኖ አለ» የሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። በሳምንቱ በየመንደሩ በድምጽ ማጉያ ተነበበ።

በማግስቱ ስድስት ላም ወዳላት ታላቅ እህቱ ሄደ።

«እትዬ፣ ላሞቹን ሽጫቸው።»

«ምነው? በቂ ነው ተባለ አይደል እንዴ?»

«ሽጫቸው አልኩሽ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ትክ ብላ አየችው። ሸጠች። አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ምን አስቸኮለሽ ብትላት፣ «እርጅና ነው፣ ደከመኝ» አለቻት።

በሦስተኛው ወር ከብቱ መውደቅ ጀመረ። ሰዉ በጅራቱ ደግፎ ቢያነሳው መልሶ ይተኛል። የጎረቤቷ አራት ላሞች በአንድ ሳምንት አለቁ። አራተኛዋ የሞተች ቀን ሴትዮዋ በአጥሩ በኩል፣ «ያንቺስ ድካም ወቅት ያውቃል» አለች። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ውስጥ እህትየዋን ሰላም የሚላት ጠፋ።

ወንድሟን አስጠራችው።

«ለአገር የሚነገረውን ለእኔ በጆሮዬ ነገርከኝ።»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። እኔም አፌን ይዤ ላሞቼን ሸጥኩ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።»

በዚያው ሳምንት ጊደር ገዝታ ጎረቤቷ በር ላይ አሰረች። ሴትዮዋ ሳይመሽ ፈትታ መለሰችላት። እህትየዋ ቤቷን ዘግታ ከተማ ልጇ ዘንድ ገባች።

በዓመቱ ዝናቡ ሞልቶ ጣለ። ሣሩ ጉልበት አለፈ፤ ክምሩ ከጣሪያ ተስተካከለ። ባለሜትሩ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ፣ ከሞት የተረፉትን ከብቶች የያዙት ሰዎች ተሰብስበው ጠበቁት።

«መጀመሪያ ለእህትህ የምትነግራትን ንገረን» አሉት።

«ዘንድሮ በቂ ነው። በእናቴ፣ ከበቂም በላይ ነው።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ በሬውን ፈታ፤ ሌላውም ተከተለው። ከብቱን እየነዱ የገበያውን መንገድ ያዙ። ባለሜትሩ «እውነቴን ነው፣ አትሽጡ» እያለ እስከ ድልድዩ ተከተላቸው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።